እናት እውነት፣ አባት እምነት፦ የአባትነት ጥያቄ በሕጋችን ታሪክ ውስጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተመራቂ ተማሪዬ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት ወደ ቢሮዬ መጣ። ስሙን አሟልቼ ለመጻፍ መታወቂያውን ስጠይቀው ጥቂት አቅማማና፣ «ዶክተር፣ የአባት ስም ተብሎ የተጻፈው የእናቴ አባት ስም ነው» አለኝ። «አባትህ በሕይወት የሉም?» ስለው፣ «አሉ እንጂ። ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግረው ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ሕጉ ብቻ ነው» ሲል መለሰልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ እሱ ገና ጨቅላ ሳለ ቀለብ እንዲቆረጥላቸው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር። ዳኛው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው። «ጠልፎሻል?» «በጉልበት ደፍሮሻል?» እርሳቸውም የሚያውቁትን እውነት ተናገሩ፦ «የለም፣ አገባሻለሁ ብሎኝ ነው።» መዝገቡ ያን ዕለት ተዘጋ። ሴትዮዋ ልጃቸውን እንጀራ ጋግረው በመሸጥ አሳደጉ፤ ለዩኒቨርሲቲም አበቁ።

ተማሪው ከሄደ በኋላ ረጅም ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ። እናቲቱ ዋሽተው «ደፍሮኛል» ቢሉ ኖሮ፣ ማስረጃውም ቢሟላላቸው፣ ልጁ አባት ያገኝ ነበር። እውነት በመናገራቸው አጣ። ዳኛውን መውቀስ ይቀል ይሆናል፤ ዳኛው ግን ያነበቡት የተጻፈውን ሕግ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ሕጉ ነው፦ በማን እጅ፣ መቼና ለምን እንዲህ ሆኖ ተጻፈ? የዛሬው ጽሑፌ ይህን ጥያቄ በታሪክ መነጽር ለማየት የሚደረግ ሙከራ ነው።

የአባት ቃልና የእናት መሐላ

«እናት እውነት፣ አባት እምነት» ይላል የአገራችን ሰው። የጥንት ሮማውያን የሕግ ሊቃውንትም ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ብለውታል፦ እናት ምንጊዜም የታወቀች ናት፤ አባት ግን ጋብቻ የሚያመለክተው ሰው ነው። እናትን የምጡ ሌሊት ይመሰክርላታል። አባት ግን ወይ ራሱ ማመን፣ ወይ ሌላ ሰው እንዲያምነው ማድረግ አለበት። የአባትነት ሕግ ታሪክ ባጭሩ ይህ እምነት በምን ይተካ የሚለው ክርክር ነው።

በጥንቱ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ፣ በተለይም በሰሜኑና በመካከለኛው ክፍል፣ ጋብቻ ራሱ ብዙ መልክ ነበረው። ቁርባን ነበር፤ ሰማንያ ነበር፤ የደመወዝ የሚባለውም ነበር። ከእነዚህ ውጪ የሚወለደው ልጅ «ዲቃላ» የሚል ስድብ ቢከተለውም፣ አባቱ «ልጄ ነው» ካለው ግን ልጅ ነበር። ከቤተ መንግሥት በላይ ለዚህ ምስክር የሚሆን የለም። የዳግማዊ ምኒልክ ሴቶች ልጆች፣ ዘውዲቱና ሸዋረጋ፣ ከእቴጌ ጣይቱ የተወለዱ አልነበሩም፤ ንጉሠ ነገሥቱ እቴጌይቱን ከማግባታቸው በፊት ከሌሎች ሴቶች የወለዷቸው ናቸው። ሆኖም አባታቸው ልጆቼ ናቸው ስላሉ አልጋው ወደ እነርሱ ዞረ። በመጀመሪያ የሸዋረጋ ልጅ ኢያሱ ወራሽ ተባሉ፤ ኋላም ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ ንግሥተ ነገሥታት ሆነው ነገሡ። ዘውዱ የጋብቻ ወረቀት አልጠየቀም። የጠየቀው የአባትን ቃል ነበር።

አባት ቃሉን ሲነፍግስ? ያን ጊዜ የእናት ቃል ይመጣል። በብዙ ሥፍራ እናት በመሐላ «የእገሌ ነው» ብላ ስትጠራ፣ ቃሏ በሽማግሌና በዳኛ ፊት ክብደት ነበረው። ይህ ለሴቲቱ ከማዘን ብቻ የመጣ አይደለም። ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር በመሆኑ፣ «አባቱ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ከየትኛው መሬት ድርሻ አለው?» ከሚለው ጋር አንድ ነበር። ለአንድ ልጅ አባት መስጠት መሬት መስጠት ነበር። በዚህም የተነሳ ባለርስቱ ከሞተ በኋላ ልጅ ነኝ ባይ ይበዛል፤ ክርክሩም ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ልማዱ ለልጁ የተከፈተ ነበር፤ ለሐሰተኛ ይገባኛል ባይም እንዲሁ የተከፈተ ነበር። ሁለቱንም ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከፓሪስ የመጣው ዝግ በር

ግንቦት ሳይገባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት የታወቁት ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ለአባትነት ሦስት መንገድ አበጀ፦ ጋብቻ ወይም ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር አንደኛው ነው፤ አባትየው በፈቃዱ ልጅነቱን መቀበሉ ሁለተኛው ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በግምት ላይ የቆመ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ፣ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። ሕጉ እዚህ ላይ ከእውነት ይልቅ እርግጠኝነትን መርጧል፤ የቤት ሰላም እንዳይናጋ ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ የአባትየው በጎ ፈቃድ ነው፤ የፈቀደ ይቀበላል፣ ያልፈቀደ ይተዋል።

እምቢ ያለውን አባት የሚያስገድደው ሦስተኛው መንገድ ግን በአንቀጽ 758 መሠረት እናቲቱ በተፀነሰበት ጊዜ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ለነበረበት ሁኔታ ብቻ የተወሰነ ነበር። ከዚህ ውጪ የተወለደ ልጅ፣ አባቱ ካልተቀበለው በቀር፣ ሕጋዊ ዝምድናው ከእናቱ ጋር ብቻ ሆነ። የተማሪዬን እናት የጠየቋቸው ዳኛ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ያገኟቸው እዚህ ነው።

ይህ አንቀጽ ታሪክ አለው። ከፈረንሳይ አብዮት በፊት በዚያ አገር ያላገባች ሴት «ያረገዝኩት ከእገሌ ነው» ስትል፣ ቢያንስ የወሊዱን ወጪ ለማስከፈል ያህል ቃሏ ይታመን ነበር። ከእኛ የእናት መሐላ ጋር የሚቀራረብ ልማድ ነው። የአብዮቱና የናፖሌዎን ዘመን ሕግ አውጪዎች ይህን ለሐሰት ክስና ለማስፈራሪያ የተጋለጠ ሲሉ ነቀፉት። በ1804 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው የናፖሌዎን ሕግ አንቀጽ 340 አባትን በክስ መፈለግን ከለከለ፤ የተወው ቀዳዳ ጠለፋን ብቻ ነበር። ውጤቱ ምን እንደሆነ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ይናገሩታል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከቆየ ክርክር በኋላ በኅዳር ወር 1912 የወጣ ሕግ ለፍርድ ቤት አምስት በሮችን ከፈተ፦ ጠለፋና መደፈር፤ በማታለል፣ በሥልጣን ወይም በጋብቻ ተስፋ ማሳት፤ አባትነትን የሚያምን ጽሑፍ፤ በተፀነሰበት ጊዜ በግልጽ አብሮ መኖር፤ እና እንደ አባት ሆኖ ለልጁ አስተዳደግ ወጪ መሳተፍ።

እንግዲህ አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። የእኛ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ፈረንሳይ እነዚህን አምስት በሮች ከከፈተች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ለእኛ የተመረጠው ግን ከ1912ቱ ይልቅ ለ1804ቱ የቀረበው ነው። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። አርቃቂዎቹ ያዩት በርስት ሙግት የተጨናነቀ፣ በመሐላ የሚወሰን፣ የልደት መዝገብ የሌለው አገር ነው። ለዚያ በሽታ የታወቀውን ጠንካራ መድኃኒት አዘዙ። መድኃኒቱ ግን ሐሰተኛውን ከሳሽ ከእውነተኛው ልጅ አይለይም። ሁለቱንም እኩል በሩ ላይ ይመልሳል።

ይህን የበለጠ መራራ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 836 በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በውርስ እኩል ናቸው ይላል። ለጊዜው ከብዙ አገሮች የቀደመ፣ የሚመሰገን አንቀጽ ነው። ነገር ግን እኩልነቱ የሚሠራው አባት ላገኘ ልጅ ነው፤ ማዕዱ ተዘርግቷል፣ በሩ ተዘግቷል። ሁለተኛ፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። እንግዲህ የሁለቱ ሕጎች ድምር ውጤት ይህ ነው፦ ጠላፊ ባል ሊሆን ይችላል፤ በጉልበት የደፈረ አባት ሊባል ይችላል፤ በጣፋጭ ቃል ያታለለ ግን ምንም አይደለም።

የልደት መዝገብን ጉዳይ ካነሳን አይቀር፣ ሕጉ ስለ ክብር መዝገብ ዝርዝር ድንጋጌዎችን ቢያወጣም በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ለወደፊት ትእዛዝ ተወው። ያ «ወደፊት» ረጅም ሆነ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እስኪወጣ፣ ምዝገባውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ እስኪጀመር ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተጠበቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የኢትዮጵያዊ ልጅ አባት የተጻፈው በጎረቤት ትዝታ ላይ ነበር።

ከርስት ወደ ቀለብ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ታሪክ አደረገው። ስለ አባትነት ሕግ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ነገር ግን የአባትነትን ጥያቄ ትርጉም ለወጠው። ከዚያ በፊት ልጅ አባቱን የሚፈልገው ከመሬቱ ድርሻ ለማግኘት ነበር፤ ብዙ ጊዜም አባትየው ከሞተ በኋላ። ከዚያ በኋላ ግን፣ በተለይ በከተማ፣ የሚፈለገው በሕይወት ያለ፣ ደመወዝ የሚቀበል አባት ሆነ። የሚጠየቀውም የወር ቀለብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና በፎርም ላይ የሚሞላ ስም ነው። ደርግ መሬቱን ሲለውጥ የቤተሰብ ሕጉን ግን እንደነበረ ተወው። ለባለርስቱ መከላከያ ተብሎ የተሠራው አጥር ርስቱ ከጠፋ በኋላም ቆመ፤ የሚጠብቀው ግን የደመወዝተኛውን ኪስ ሆነ።

አምስቱ በሮች አዲስ አበባ ደረሱ

ለውጡ የመጣው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በዚያው ዓመት ተቀበለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 7 ልጅ በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅና በእነርሱም የመጠበቅ መብት እንዳለው ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ይህንኑ አጸና፤ ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸውም ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወገኖች ባደረጉት ግፊት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ታወጀ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ቀጠሉ።

የአዲሱ ሕግ አንቀጽ 143 ፍርድ ቤት አባትነትን የሚወስንባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፦ ጠለፋ ወይም መደፈር፤ በሥልጣን አላግባብ በመጠቀም፣ በጋብቻ ተስፋ ወይም በተመሳሳይ ማታለል ማሳት፤ አባትነትን በማያሻማ ሁኔታ የሚያስረዳ የአባትየው ጽሑፍ፤ በተፀነሰበት ጊዜ የዘለቀ ግንኙነት ይዞ አብሮ መኖር፤ እንደ አባት ሆኖ በልጁ ቀለብና አስተዳደግ መሳተፍ። አንባቢ እነዚህን ከላይ አይቷቸዋል። የ1912ቱ የፈረንሳይ አምስት በሮች ናቸው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ተጉዘው አዲስ አበባ ደረሱ።

ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። የተማሪዬ እናት «አገባሻለሁ ብሎኝ ነው» ያሉት ቃል በ1992ቱ ሕግ መዝገብ የሚያዘጋ መሆኑ ቀርቶ መዝገብ የሚያስከፍት ሆኗል። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ለምትሠራ፣ የቤቱ ጌታ ላስረገዛት ልጅ «በሥልጣን አላግባብ መጠቀም» የሚለው ሐረግ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ሐቅ መዘንጋት የለበትም። ፈረንሳይ እነዚያን አምስት በሮች ራሷ በጥር 1993 ከሕጓ አውጥታ፣ ከባድ ምልክት ካለ በማናቸውም ሁኔታ አባትን መጠየቅ እንዲቻል አድርጋ ነበር፤ በ2005 ደግሞ ያንንም ቅድመ ሁኔታ አስቀረች። እኛ ዝርዝሩን የተቀበልነው ባለቤቱ ከጣለው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ዝርዝር በባሕርዩ የሚያስቀረው ሰው አለ። የጋብቻ ተስፋ አልነበረም፤ ደብዳቤ የለም፤ አብረው አልኖሩም፤ አባትየው አንድ ቆርቆሮ ወተት እንኳ አላመጣም። ሕጉ በፊደሉ ከተነበበ ይህ ልጅ በየትኛው በር ይገባል? አምስቱ በሮች የተቀረጹት አባትነት በምልክት እንጂ በምርመራ በማይታወቅበት ዘመን ነው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ወንዱና ስለ ሴቲቱ ጠባይ ነው፤ ስለ ልጁ ማንነት አይደለም። የሕክምና ምርመራንም ሕጉ የሚያነሣው በዋነኛነት አባት የተባለው ሰው ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያ አድርጎ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤቶች የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ የሚያዙበት ጊዜ መጥቷል፤ «አባት እምነት» የሚለው ተረትም እርግጠኛ እውቀት ሊሆን በሚችልበት ዘመን ላይ ነን። ሕጉ ግን ገና ከዚህ እውቀት ጋር አልታረቀም። ምርመራው የሚያስወጣው ገንዘብ ደግሞ ለእንጀራ ሻጭ እናት ሌላ ዝግ በር ነው።

አባትነት፣ ቀለብ፣ አሳዳጊነት

በዚህ ጉዳይ ላይ በከተሞቻችን ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ተስፋፍተዋል። አባቶች፣ «ቀለብ ከከፈልኩ ልጁን መውሰድ አለብኝ» ይላሉ። እናቶችም በተቃራኒው፣ «አባትነቱን በፍርድ ካስወሰንኩ ልጄን ይነጥቀኛል» ብለው ይፈራሉ፤ በዚህም ፍርሃት የልጁን ቀለብ ይተዋሉ። ሁለቱም የሚመነጩት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ወደ አንድ ከመጨፍለቅ ነው።

አባትነት የመነሻ ጥያቄ ነው፤ እርሱ ካልተወሰነ ሌሎቹ አይነሱም። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ቀለብ በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ይለካል። ቀለብ ለእናቲቱ የሚሰጥ ካሳ አይደለም፤ ለአባትየውም የሚቆረጥለት የመጎብኛ ትኬት አይደለም። የልጁ መብት ነው። ያለ በቂ ምክንያት አልከፍልም ማለትም በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ግን በሌላ ሚዛን የሚመዘን ነው። የቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 681 በፍቺ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ከእናታቸው ጋር ይሁኑ ይል ነበር። የተሻሻለው ሕግ በአንቀጽ 113 ይህን የዕድሜ መስመር ትቶ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ዳኛው እንዲመዝን አዘዘ። የሚዛኑ ምላስ የልጁ ጥቅም ነው።

ይህ ባዶ ቃል እንዳልሆነ በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው አንድ ውሳኔ አሳይቷል። እናቷ የሞተችባት ልጅ በአክስቷ እጅ አድጋለች። ለዓመታት ያልጠየቃት አባት ኋላ መጥቶ ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም አባት በመሆኑ ፈረዱለት። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። ማንም የሰውየውን አባትነት አልካደም። የተባለው አባትነት ብቻውን ልጅን ከምታውቀው ቤት ለማውጣት አይበቃም ነው። የሰበር ውሳኔ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ፈርተው ዝም ያሉ እናቶች ይህን ውሳኔ ሊሰሙት ይገባል። አባትነት በዋናነት የግዴታ ምንጭ ነው፤ ግዴታውን ለዓመታት የጣለ ሰው መብቱን ብቻ አንሥቶ ሊሄድ አይችልም።

ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። በየዘመኑ የአባትነት ሕግ የተጻፈው የዘመኑን ሀብት ለመጠበቅ ነው። ርስት በነበረበት ዘመን መሐላ በዛ፤ መሐላው ሲፈራ በሩ ተዘጋ፤ ርስቱ ሲጠፋም የተዘጋው በር እንደተዘጋ ተረሳ። በመካከሉ ያልተጠየቀው ልጁ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ማድረግ የሚገባን ይመስለኛል። አንደኛ፣ የአንቀጽ 143 ዝርዝር የምሳሌ ዝርዝር እንጂ የመዝጊያ ዝርዝር እንዳይሆን ሕጉን ማሻሻል፤ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራንም ለአባትየው መከላከያ ብቻ ሳይሆን ለልጁ ማስረጃ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ለድሃ እናት የምርመራውን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን፣ አባትነቱ ከተረጋገጠም ከአባትየው እንዲያስመልስ ማድረግ። ሦስተኛ፣ ክርክሩ ዓመታት ሲፈጅ ልጁ እንዳይራብ፣ በቂ ምልክት ባለበት ጊዜያዊ ቀለብ መቁረጥ። የሐሰት ክስ ያሰጋል ለሚሉ ወገኖች መልሱ ቀላል ነው፤ ያ ስጋት በ1952 ዓ.ም. ትርጉም ነበረው። ዛሬ ሐሰተኛውን ከሳሽ የሚለየው ያው ምርመራ ነው።

ተማሪዬ የትምህርት ዕድሉን አግኝቶ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተኝ ሲመጣ፣ አሁንስ የአባቱን ስም በፍርድ ለማስለወጥ ያስብ እንደሆነ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፣ «ለእኔስ የአያቴ ስም ይበቃኛል፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን እናቴ ያን ቀን እውነት መናገሯ ስሕተት እንዳልነበረ አንድ ሰው ቢነግራት ደስ ይለኛል» አለኝ።

እኔም ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው። እናቴ ሆይ፣ የተሳሳቱት እርስዎ አልነበሩም።